ኒው ሆፕ፦ «ሰው ምን ይላል» የማይባልባት የወንዝ ዳር ከተማ

ሰላም ወዳጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የተጻፈ ነገርም አልያዝኩም፤ እንደመጣልኝ ነው የማወራው። ወዲያ ወዲህ ካልኩ ታገሱኝ።

የማወራችሁ ስለ አንዲት ትንሽ ከተማ ነው። ኒው ሆፕ ትባላለች። ፔንስልቬንያ ውስጥ፣ በክስ ካውንቲ በሚባለው አካባቢ፣ ደላዌር ወንዝ ዳር ናት። እኔ ካለሁበት ከፊላደልፊያ 40 ማይል ገደማ ትርቃለች። ነዋሪዋ 2,600 ሰው ገደማ ነው። እንግዲህ አስቡት፣ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የኮንዶሚኒየም ሳይት ላይ ከዚህ የሚበልጥ ሰው ይኖራል። ግን ስሟ ከቁመቷ ይበልጣል። በሰዓሊዎቿ ትታወቃለች፣ በቲያትር ቤቷ ትታወቃለች፣ ደግሞም ጌይ፣ ሌዝቢያን፣ ትራንስ የሆኑ ሰዎች ለብዙ አሥርት ዓመታት ሳይሸማቀቁ የኖሩባት ቦታ በመሆኗ ትታወቃለች።

ይሄን ስል ጥቂቶቻችሁ ጣታችሁን ወደ መዝጊያው እንደምትሰዱ ይገባኛል። እባካችሁ ትንሽ ቆዩልኝ። የሃይማኖት ክርክር ልከፍት አይደለም። የማወራው ስለ አንድ ወንድሜ ነው።

ወንድሜ ስል የእናቴ ልጅ አይደለም፤ አብሮ አደጌ ነው። አጥር ብቻ ነበር የሚለየን። እናቱ እኔን ቆንጥጠው አሳድገውኛል፣ እናቴ እሱን አጉርሳ አሳድጋዋለች። ስሙን አልጠራም። ይሄን ክፍል እንድሠራ ፈቅዶልኛል፣ ከመለቀቁ በፊትም ያዳምጠዋል። ጌይ ነው። የነገረኝ ሁለታችንም አሜሪካ ከገባን ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፣ መኪና ውስጥ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ። አሁን የሚኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ ከፍቅረኛው ጋር። ፍቅረኛው አሜሪካዊ ነው፣ ነርስ ነው፣ ዝምተኛና ጨዋ ሰው ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሜሪላንድ ውስጥ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ ጋር ተያይዞ ያለ ከተማ ነው፣ ሐበሻ የሞላበት። ካፌው ሐበሻ፣ ኡበሩ ሐበሻ፣ ፓርኪንግ የሚቀበልህ ሐበሻ፣ ነዳጅ ማደያው ሐበሻ። እኔ እዛ ስሄድ ነፍሴ ትመለሳለች። እንጀራው ትኩስ ነው፣ ሰላምታው ትኩስ ነው። ለሱ ግን ያው ሰላምታ ሌላ ነገር ነው። ከሰውዬው ጋር ዓመታት አብረው ኖረዋል፤ የሚከለክላቸው ሕግ የለም፣ የሚነካቸው ፖሊስ የለም፣ ግን አንድም ቀን እጅ ለእጅ ተያይዘው ጎዳና ላይ ወጥተው አያውቁም፣ ምክንያቱም አንድ ሰው ካያቸው ወሬው በማግስቱ አዲስ አበባ እናቱ ጆሮ ይገባል። እናቱ የልብ ሕመም አለባቸው። እሱን ነው የሚፈራው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። አገር ቤት ወንድና ወንድ ተያይዞ መሄድ ብርቅ አይደለም። ጣት ለጣት ተቆላልፈው፣ ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፈው ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ ይወርዳሉ፤ ማንም ልብ አይላቸውም። እሱም ከሰፈር ልጆች ጋር እንደዚያ ሲሄድ ነው ያደገው። በሕይወቱ የስንቱን ወንድ እጅ ይዞ ሄዷል። የሚወደውን ሰው እጅ ብቻ ነው ይዞ መሄድ ያልቻለው። ይሄን ሲነግረኝ መልስ አልነበረኝም። እስካሁንም የለኝም።

እና ኦክቶበር ላይ ደወልኩለትና «ሁለታችሁም ኑ፣ ቅዳሜና እሁድን አንድ ቦታ እወስዳችኋለሁ» አልኩት። «ሐበሻ አለ?» ነበር የመጀመሪያ ጥያቄው። «ኧረ የለም» አልኩት።

መንገዱ ራሱ ቆንጆ ነው። ከፊላደልፊያ በ95 ወጥታችሁ ከዚያ ሪቨር ሮድ ወደሚባለው ትገባላችሁ፣ መንገድ ቁጥር 32 ነው። ጠባብ ነው፣ ይጠማዘዛል፣ በአንድ በኩል ወንዙ፣ በመካከል የድሮው የጀልባ ቦይ፣ በሌላ በኩል የድንጋይ ቤቶች። ጆርጅ ዋሽንግተን በ1776 የገና ሌሊት ወታደሮቹን በበረዶ መሃል በጀልባ ያሻገረበት ቦታም እዚሁ መንገድ ላይ ነው። ቅጠሉ ቀልቷል፣ ቢጫ ሆኗል። እኔ ዳቦ ቆሎ ይዤ ነበር፣ እሱ ቡና በፔርሙስ። ነርሱ ከኋላ ተቀምጦ ዳቦ ቆሎውን ጨረሰው። እንዲህ የሚወደው አይመስለኝም ነበር።

(በነገራችን ላይ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ።)

ከተማዋ ስትገቡ ዋናው መንገድ አንድ ነው። በእግር ከዳር እስከ ዳር በአጭር ጊዜ ታዳርሱታላችሁ። የጥበብ ጋለሪ፣ የአሮጌ ዕቃ ሱቅ፣ የጌጣጌጥ ሱቅ፣ አይስክሬም። ቅዳሜ ስለነበር ሰው ግጥም ብሏል፤ ፓርኪንግ ለማግኘት የዞርነው ዙር አያድርስ ነው። ብዙ በሮች ላይ የጌይ፣ የሌዝቢያንና የትራንስ ሰዎች ምልክት የሆነው የቀስተ ደመና ባንዲራ አለ። አዲስ የተሰቀለ አይደለም፣ ፀሐይ ያነጣው፣ ዝናብ የመታው ባንዲራ ነው። እሱን ማየቴ ደስ አለኝ። ለበዓል ብለው ያወጡት እንዳልሆነ ያስታውቃል።

እኔ አንድ ቦታ ስሄድ «ይሄ ነገር ከየት መጣ?» ብዬ ካልጠየቅኩ አይሆንልኝም። ከተማዋ እንዲህ የሆነችው ሰዎቿ ከሌላው ሰው የተለየ ደግ ልብ ስለተሰጣቸው አይመስለኝም። ታሪኩ ሌላ ነው።

ድሮ እዚህ የነበረው የወንዝ ማሻገሪያ ነው፣ ጀልባ። በኋላ ወፍጮ መጣ። በ1790 ቤንጃሚን ፓሪ የሚባል ሰው ወፍጮዎቹ ተቃጠሉበት፤ መልሶ ሠራቸውና ኒው ሆፕ ሚልስ አላቸው፤ ከተማዋም በዚያው ስም ቀረች። በ1832 ቦዩ ተከፈተ። 60 ማይል ርዝመት አለው፤ በቅሎዎች ዳር ዳሩን እየሄዱ ከሰል የጫነ ጀልባ በገመድ ይጎትቱበት ነበር። ከዚያ ባቡር መጣ፣ መኪና መጣ፣ በ1931 ቦዩ ሥራ አቆመ። ሥራው ሄዶ ቤቱና ውሃው ቀረ፣ ኪራዩም ርካሽ።

ሰዓሊዎቹ ግን ከዚያም በፊት ጀምረው መምጣት ይዘው ነበር። ኤድዋርድ ሬድፊልድ በ1898 ነው የመጣው፤ ከሱ ጋር በተቀራረበ ጊዜ ዊሊያም ላትሮፕ መጣ፣ ቆይቶ ዳንኤል ጋርበር። ሬድፊልድ በረዶ መሃል ቆሞ፣ ሸራውን ንፋስ እንዳይወስደው ዛፍ ላይ አስሮ የሚስል ሰው ነበር። ፔንስልቬንያ ኢምፕረሽኒስት የሚባሉት፣ ማለትም ደጅ ወጥተው የአካባቢውን ብርሃንና ገጽታ የሚስሉት፣ እነሱ ናቸው። ከከተማዋ ትንሽ ወጣ ብሎ ፊሊፕስ ሚል የሚባል አሮጌ ወፍጮ ቤት አለ፤ ከ1929 ጀምሮ ሰዓሊዎች በየመኸሩ እዛ ያሳያሉ። እኛ የደረስነውም በዚያው ሰሞን ነበር። ትንሽ ክፍል ናት፣ ወለሉ እንጨት ነው፣ ይንቋቋል። አንዲት ሴት የሳለችው የጎርፍ ሥዕል አለ፣ ውሃው ቡናማ፣ ቤቶቹ እስከ መስኮት። እዚህ ጎርፍ ተረት አይደለም፤ በ2004፣ በ2005፣ በ2006 ወንዙ ተከታትሎ ወጥቶባቸዋል። ሥዕሉ ፊት ቆሜ ብዙ ቆየሁ።

ቲያትር ቤቱ በክስ ካውንቲ ፕሌይሃውስ ይባላል። የት የገባ ይመስላችኋል? የፓሪ የድሮው የእህል ወፍጮ ቤት ውስጥ። በ1939 ነው የተከፈተው። አጠገቡ ትንሽ ፏፏቴ አለ፣ ወፍጮውን ያዞር የነበረው ውሃ ነው፣ አሁንም ይወርዳል። ግሬስ ኬሊ፣ ኋላ የሞናኮ ልዕልት የሆነችው፣ በ1949 እዚህ መድረክ ላይ ሠርታለች። በ2010 ተዘግቶ ነበር፤ ታድሶ በ2012 ተከፈተ።

ነገሩ እዚህ ጋ ነው። ቲያትር ሲመጣ የቲያትር ሰዎች ከኒውዮርክ መጡ። በጋውን ይሠራሉ፣ ይወዱትና ቤት ይገዛሉ። ከነሱ ውስጥ ብዙዎቹ ሌላ ቦታ እንደ ልባቸው መኖር ያልቻሉ ሰዎች ነበሩ። አንዱ ሌላውን ጠራ። የፈረሰ የድንጋይ ቤት አደሱ፣ የአሮጌ ዕቃ ሱቅ ከፈቱ፣ መጠጥ ቤት ከፈቱ። የአገሬው ሰው ደግሞ ከነሱ ጋር መኖር ነበረበት፤ ዳቦ ሸጠላቸው፣ ቤት አከራያቸው፣ ጎርፍ ሲመጣ አሸዋ አብሯቸው ተሸከመ። ዓመታት በዓመታት ላይ ሲደራረቡ ከጎረቤትህ ጋር ትለምዳለህ። እኔ እንደዚያ ነው የማስበው። መቻቻል የሚሉት ነገር ከስብከት አይደለም የሚመጣው፣ አብሮ ከመቆየት ነው።

ግን ልምድ ብቻም አይበቃም። በ2002 የከተማዋ ምክር ቤት ሰውን በሚያፈቅረው ሰው ፆታ ወይም በራሱ የፆታ ማንነት የተነሳ ከሥራ ማስወጣት፣ ቤት መከልከል፣ አላስተናግድም ማለት የሚከለክል ደንብ አወጣ። በካውንቲው የመጀመሪያው ነው። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም፤ የፔንስልቬንያ የክልል ሕግ ያንን በግልጽ አልጻፈላቸውም ነበርና ከተሞች በየራሳቸው ነው ያወጡት። ማለትም አንድ ሰው ተነስቶ፣ ማታ ከሥራ በኋላ፣ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ፣ ረቂቅ አንብቦ፣ ድምፅ ሰጥቶበታል። ከዚያ በኋላ በየሜይ ወር የኩራት በዓል ያከብራሉ፤ 100 ጫማ የሚረዝም የቀስተ ደመና ባንዲራ በብዙ ሰው ተይዞ በድልድዩ ላይ ያልፋል።

ድልድዩ! ስለ ድልድዩ ገና አልነገርኳችሁም።

ከዚያ በፊት ግን ናካሺማ።

ከከተማዋ ጥቂት ወጣ ብሎ፣ ጫካ መሃል፣ የጆርጅ ናካሺማ የእንጨት ሥራ ቤት አለ። ናካሺማ አሜሪካ ተወልዶ ያደገ፣ ወላጆቹ ጃፓናውያን የሆኑ አርክቴክት ነው። በ1942 የአሜሪካ መንግሥት ወደ 120,000 የሚጠጋ የጃፓን ዘር ያለው ሰው ከቤቱ እያወጣ ካምፕ ሲያስገባ፣ እሱንም ከሚስቱና ከጨቅላ ልጁ ጋር አይዳሆ ወስደው ሚኒዶካ በሚባል ካምፕ ዘጉበት። ጥፋቱ ዘሩ ብቻ ነው። እዛ ካምፕ ውስጥ ጌንታሮ ሂኮጋዋ ከሚባል ጃፓናዊ አናጢ ሥራውን ተማረ። በ1943 ድሮ ቶኪዮ ያሠራው አንቶኒን ሬይመንድ የሚባል አርክቴክት ዋስ ሆኖ አስወጣውና ኒው ሆፕ ያለው እርሻው ላይ አመጣው። ዶሮ እየጠበቀ ጀመረ። እዚሁ ቀረ፣ እዚሁ በ1990 አረፈ። ያቺ ጨቅላ፣ ሚራ፣ ሥራ ቤቱን ይዛ ቀጠለች።

ቀጠሮ ይዘን ነው የገባነው። አንድ ጠረጴዛ አለ፣ ከአንድ ግዙፍ የዋልነት ግንድ የተሰነጠቀ፣ ጠርዙ እንደ ዛፉ እንደተፈጠረ የቀረ፣ አልተላገም። መሃሉ ላይ ስንጥቅ አለ። ናካሺማ ስንጥቁን አልደፈነውም። በላዩ ላይ የቢራቢሮ ቅርጽ ያላቸው ትንንሽ እንጨቶች፣ ከሌላ ጠቆር ካለ እንጨት የተቆረጡ፣ ከግራና ከቀኝ ነክሰው ስንጥቁ ከዚህ በላይ እንዳይሄድ ይዘውታል። ጣቴን አሳለፍኩበት፤ እንጨትና እንጨቱ የተገናኙበት ቦታ ለጣት አይታወቅም፣ ለዓይን ብቻ ነው የሚታወቀው።

የወንድሜ አባት አናጢ ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማር። ከአውቶቡስ ተራ ከፍ ብሎ ሱቅ ነበራቸው። እሱ ልጅ ሆኖ እዛ ነው የዋለው፤ ስለዚህ እንጨት ሲያይ እንደኔ አያይም። ጎንበስ ብሎ ከሥሩ አየው፣ በጉልበቱ ተንበረከከ፣ አስጎብኚዋ ፈገግ አለች። ከዚያ ተነስቶ «አባዬ ቢሆን» አለኝ፣ «ይሄን ስንጥቅ በሰጋቱራና በኮላ ደፍኖ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ፣ ቫርኒሽ ይቀባው ነበር። ማንም አያየውም ነበር። ጎበዝ ነበር እኮ አባዬ በመድፈን።» ከዚያ ትንሽ ቆሞ «ይሄ ግን እንዲታይ አደረገው» አለ። ሌላ ምንም አላለም። እኔም አልጨመርኩበትም።

እሺ፣ ድልድዩ።

ኒው ሆፕ ፊት ለፊት፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ላምበርትቪል የሚባል ከተማ አለ። እሱ ኒው ጀርሲ ነው፤ የክልሎቹ ድንበር ወንዙ ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው የብረት ድልድይ በ1904 ነው የተሠራው፤ ከሱ በፊት የነበረውን የእንጨት ድልድይ የ1903 ጎርፍ ወሰደው። ጎኑ ላይ የእግረኛ መንገድ አለ። ሰው ኒው ሆፕ ምሳ በልቶ ላምበርትቪል ቡና ይጠጣል፣ ተመልሶ ይመጣል።

ስለዚህ ድልድይ ለናንተ መንገር የምፈልገው አንድ ታሪክ አለ። ኒው ጀርሲ ውስጥ ተመሳሳይ ፆታ ያላቸው ሰዎች መጋባት የቻሉት በኦክቶበር 21 ቀን 2013 ነው። የላምበርትቪል ከንቲባ አልተኛም፤ ልክ እኩለ ሌሊት እንዳለፈ፣ ሕጉ ሥራ ላይ በዋለበት ደቂቃ፣ ሁለት ሴቶችን አጋባ። ፔንስልቬንያ ግን ገና ነበር። ፍርድ ቤት የፈቀደው በሜይ 20 ቀን 2014 ነው። ለሰባት ወር ያህል፣ አስቡት፣ በድልድዩ በአንዱ ጫፍ ባልና ባል፣ ሚስትና ሚስት ናችሁ፤ ጥቂት ደቂቃ ተራምዳችሁ በሌላው ጫፍ ስትደርሱ ክልሉ አያውቃችሁም። ውሃው አንድ ነው፣ ሰዉ አንድ ነው፣ ብረቱ አንድ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ እያዘቀዘቀች፣ ድልድዩ ላይ ወጣን። እኔ ትንሽ ወደፊት ቀድሜ ነበር፤ የወንዙን ፎቶ ላነሳ። ዞር ስል ተያይዘዋል። ማን ቀድሞ እንደያዘ አላየሁም። ሁለት ሽማግሌ ወንዶች ውሻ ይዘው በአጠገባቸው አለፉ፣ ሰላም አሏቸው፣ ሄዱ። አንዲት እናት ጋሪ እየገፋች «ይቅርታ አሳልፉኝ» አለች፣ ጠጋ ብለው አሳለፏት፣ እጃቸውን ሳይለቁ። አንድም ሰው ዞር ብሎ አላየም። ፊቱን አየሁት። እኔ ይሄን ልጅ ከጥርስ መንቀያው ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ትከሻው እንዲህ ወርዶ፣ ዘና ብሎ ሲሄድ አይቼው አላውቅም።

ከዚያ ከላምበርትቪል በኩል ነጠላ የለበሱ እናት መጡ።

እውነቴን ነው። ነጠላ፣ ሹራብ፣ ስኒከር፣ ከሁለት ትንንሽ የልጅ ልጆች ጋር። ልጃቸው ከኋላ ስልክ ታወራለች። እኛን ከሩቅ ለይተውናል፣ ሐበሻ ሐበሻን በግንባሩ ይለየው የለ። ቀረቡና «የሐበሻ ልጆች ናችሁ አይደል? እሰይ የኔ ልጆች!» አሉ። አገላብጠው ሳሙን። «እዛ ማዶ ሽንት ቤት ይኖር ይሆን? ልጆቹ አስቸግረውኛል።» ወንድሜ ጎንበስ ብሎ፣ በሁለት እጁ፣ በትሕትና አሳያቸው፤ «አለ እማማ፣ ድልድዩን ሲጨርሱ ወደ ቀኝ ነው።» ወደ ነርሱ አዩና «ፈረንጁም አብሯችሁ ነው?» አሉ። «አዎ እማማ።» «እሰይ፣ እሱም ይባረክ። ተባረኩ ልጆቼ።» ሄዱ።

በሁለት እጁ አሳያቸው አልኳችሁ። እጁን የለቀቀው እሳቸው ገና ሩቅ ሳሉ ነው። ነርሱም አውቋል፤ እጁን ኪሱ ከቶ ወንዙን ያይ ነበር።

ማታ እራት ላይ ስለ ሌላ ሌላ ነገር አወራን። ስለ ጠረጴዛው፣ ስለ ዋጋው፣ ስለ አባቱ ሱቅ። ምግቡ መጥቶ ተበልቶ ካለቀ በኋላ ነው በአማርኛ፣ ለኔ ብቻ፣ «ሴትዮዋ ምንም አላሉኝም እኮ» ያለኝ። «ገና ምንም ሳይሉኝ ነው የለቀቅኩት።» ከዚያ ወደ ነርሱ ዞሮ በእንግሊዝኛ ይቅርታ ጠየቀው። ነርሱ ጠረጴዛው ላይ እጁን ያዘውና «ነገም ድልድዩ እዛው ነው» አለው።

እኔ ይሄን ነገር ከዚያ ወዲህ ሳሰላስል ነው የከረምኩት። ማንም እንዲያስበው የምፈልገውም ይሄንን ነው። አሜሪካ ከመጣን ወዲህ ብዙ ነገር ትተናል። «ሰው ምን ይላል»ን ግን በሻንጣ ሳይሆን በአጥንታችን ይዘነው መጥተናል። አገር ቤት ሕጉም አለ፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 ያስከስሳል፤ ወንድሜ ለእናቱ ሕመም እንኳ ሲሄድ ስልኩን አጥርቶ፣ ፎቶውን ሁሉ አጥፍቶ ነው የሚሳፈረው። እሱ የሕግ ጉዳይ ነው፣ እዚህ ሆኜ አልለውጠውም። እዚህ ግን ሕግ አይደለም የሚያሳድደው። እኛ ነን። ቡና ላይ የምናወራው ነው፣ ለቅሶ ቤት የምንንሾካሾከው ነው፣ «ያ ልጅ ለምን አላገባም?» እያልን የምንቆጥረው ነው። ያቺ እናት ቢያውቁ ምን ይሉ ነበር? አላውቅም። ምናልባት ይረግሙት ነበር፣ ምናልባት ያው ይባርኩት ነበር። እሱም አያውቅም። የማወቅ ዕድሉን አላገኘም፣ እሳቸውም አላገኙም።

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ እጾማለሁ፣ እሳለማለሁ። ይሄን የምለው ከእምነቴ ወጥቼ አይደለም። ወንድሜን እወደዋለሁ። የሚወደውንም ሰው ወድጄዋለሁ፤ እናቱ ሲታመሙ ሌሊቱን ሙሉ ስልክ ላይ ሆኖ የመድኃኒታቸውን መጠን ለአዲስ አበባው ሐኪም ሲያስረዳ የነበረው እሱ ነው። እናቱ እስከ ዛሬ «ያ የልጄ ጓደኛ፣ ነርሱ፣ እግዜር ይስጠው» ይላሉ። ስሙን ጠርተው ይጸልዩለታል። እንዲህም ሆኖ ነው የማያውቁት።

እሁድ ጠዋት ቦዩ ዳር ሄድን። በቅሎዎቹ ይሄዱበት የነበረው መንገድ አሁን የእግርና የብስክሌት መንገድ ነው፣ የደላዌር ካናል ስቴት ፓርክ ይባላል። ዳክዬ አለ፣ ውሃው ላይ ቅጠል ተንሳፍፏል፣ ዝም ያለ ነው። ወንድሜ ስለ በቅሎ ሲያወራ ነርሱ ሊያምነው አልቻለም፤ የወንድሜ አያት ደብረ ብርሃን በቅሎ ነበራቸው፣ በቅሎ ማለት ምን ያህል ክብር እንደሆነ ሲያስረዳው ግማሽ ማይል ሄድን። ከዚያ ላምበርትቪል ተሻገርን፤ እዛ የአሮጌ ዕቃ ሱቁ ከኒው ሆፕም ይበዛል፣ ዋጋውም ይሻላል ባይ ነኝ። አንድ የናስ ጀበና የሚመስል ነገር አየሁ፣ የቱርክ ነው፣ አልገዛሁትም።

ስንሻገር ተያይዘው ነበር። ስንመለስም።

ለመሄድ ለምታስቡ፦ ከፊላደልፊያ የሴፕታ ባቡር እስከ ዶይልስታውን ያደርሳችኋል፣ ከዚያ ወዲያ ግን መኪና ያስፈልጋል። ቅዳሜ ከሄዳችሁ በጠዋት ድረሱ። ረፋዱ ላይ የቆመ መኪና እንጂ ባዶ ቦታ አታገኙም። ማደሪያ ውድ ነው፤ በሳምንቱ መካከል ይረክሳል። እግራችሁ ከቻለ ሁሉንም በእግር።

አሁን ደግሞ ዜና አለኝ፣ እሱም እንድናገረው ፈቅዷል። እህቱ ልትመጣ ነው፣ ከአዲስ አበባ። ቪዛዋ ተመትቷል። ፋሲካን ከእናታቸው ጋር ውላ ነው የምትነሳው፣ በኤፕሪል መጨረሻ እዚህ ትደርሳለች። እህቱ ታውቃለች ብሎ ያስባል፤ ተነጋግረውበት ግን አያውቁም። ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ፣ በየካፌው ሰላምታ መሃል ሊነግራት አልፈለገም። «ኒው ሆፕ ልውሰዳት» አለኝ። በዚያ ሰሞን ላምበርትቪል የሻድ ፌስቲቫል አለ፤ ሻድ በጸደይ ከባሕር ወደ ወንዙ የሚወጣ ዓሣ ነው፣ እዛ ከ1888 ጀምሮ አንድ ቤተሰብ በመረብ ያጠምደዋል። እህቱ ዓሣ ትወዳለች። ነርሱም አብሮ ይመጣል። «አንቺ ትነጂልናለሽ?» ብሎ ጠየቀኝ፣ እሱ እጁ እንደሚንቀጠቀጥ ያውቃልና።

እነዳለሁ አልኩት። ማደሪያውን ትናንት ይዣለሁ።